የግራዝማች አመድ

አንድ ቀን ግራዝማች አድማሱ የሚባሉ የሰፈፍ አምባ ባለጸጋ ከጭቃ ሹሙ ደጅ ቆመው «ተሰረቅሁ!» ብለው ጮኹ። ጭቃ ሹም አንለይ ምሳ ላይ ነበሩ፤ ጉርሻቸውን በቅጡ ሳይውጡ ብድግ አሉ። የሌላ ሰው ጩኸት ቢሆን ምሳቸውን ጨርሰው ይወጡ ነበር። የግራዝማች ግን ሌላ ነው፤ ጭቃ ሹሙ ወደ ወረዳ ሲጠሩ የሚቀመጡባት በቅሎ የግራዝማች ናት።

«ምን ተወሰደብዎ ጌታዬ? በቅሎዋ ናት?»

«በቅሎዬማ አለች።»

«ጠመንጃዎ?»

«ጠመንጃዬም ከተሰቀለበት አልወረደ።»

«ታዲያ ምን ሄደብዎ?»

ግራዝማች ግራና ቀኝ ገልመጥ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብልሃቴ» አሉ።

ጭቃ ሹሙ ጉርሻው ትን አላቸው። ጀርባቸውን እየተመቱ፣ «ምን... ምንዎ?» አሉ።

«ብልሃቴን ነው የምልህ! ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄ የያዝኩትን ብልሃቴን ወሰዱብኝ። አሁን አገሩ ሁሉ ይዞታል። አውጫጭኝ ይጠራልኝ!»

ግራዝማችን ለማታውቁ ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። ሃያ ቀፎ ንብ አላቸው፤ ማራቸውን ግን የገዛ ልጆቻቸው እንኳ የሚቀምሱት ጉንፋን ሲይዛቸው ነው። እንጨት እንዳይባክን ብለው ከምድጃው አጠገብ ራሳቸው ቆመው እሳቱን ይጠብቃሉ፤ ወጡ ገና ወዝ ሳያወጣ «በቃ፣ በራሱ ሙቀት ይብሰል» ብለው ያስጠፉታል። የሳቸው ምድጃ በሳምንት እፍኝ አመድ አያወጣም። ዕውቀትን በተመለከተ ደግሞ እሳቸው የማያውቁት ነገር ገና አልተፈጠረም። ዝናብ ሲዘንብ «ብያችሁ ነበር» ይላሉ፤ ሳይዘንብ ሲቀርም «ብያችሁ ነበር» ይላሉ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ መንገድ እቀይራለሁ፤ የሰፈፍ አምባ ሰው ግን ጎረቤቱ ስለሆኑ የሚቀይረው መንገድ አልነበረውም።

ነገሩ የተነሳው ከጉንዳን ነው። በሰፈፍ አምባ ንብ የማያረባ የለም፤ የንብ ደመኛ ደግሞ ጉንዳን ነው። ቀፎው በሚያርፍበት ባለ አራት እግር ቆጥ ተሰልፎ ይወጣና ቀፎው ውስጥ ይገባል፤ ንቡም አገር ለቆ ይሰደዳል፤ ባለቤቱ ባዶ ቀፎ ታቅፎ ይቀራል። ይህ ለሁሉም የተዳረሰ መከራ ነበር። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን የግራዝማች ንብ አልሰደድ አለ። ሰው «ምን ቢያደርጉት ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ንብ ንጹሕ ሰው ይወዳል» ይላሉ። ንባቸው የተሰደደባቸው ሰዎችም አንገታቸውን ደፍተው ኃጢአታቸውን ይቆጥሩ ነበር። አንዱማ ጭራሽ ንስሐ ገብቶ ነበር ይባላል።

ከግራዝማች ጋር አጥር የምትጋራ ዘርትሁን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት ሦስት ቀፎ ብቻ ነው። ልጇን ትሁኔን በጥር ልትድር ቀን ቆርጣለች፤ የሠርጉ ጠጅ እንግዲህ በእነዚያ ሦስት ቀፎዎች ውስጥ ነው ያለው። ንቡ ከሄደ ጠጅ የለም፤ በሰፈፍ አምባ ደግሞ ያለ ጠጅ ልጅ የዳረ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሳል።

ዘርትሁን አንድ ማለዳ እሳት ጠፍቶባት ፍም ልትጭር ወደ ግራዝማች ግቢ ገባች። ፍም ፍለጋ ወደ ግራዝማች ቤት መሄድ ውሃ ፍለጋ ወደ ድንጋይ እንደ መሄድ ነው፤ ምን ታድርግ፣ የቅርብ ጎረቤት እሳቸው ናቸው። ገባ ስትል ግራዝማች ጀርባቸውን ሰጥተው ተንበርክከው አየች። ከአሮጌ ቅርጫት አመድ እየዘገኑ በየቀፎው ቆጥ እግር ዙሪያ ይነሰንሳሉ። ጉንዳኑ እስከ አመዱ ይመጣና ይቆማል፤ ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ዘርትሁን «ለካ!» አለች በሆዷ። ፍሙንም ሳትጠይቅ ተመልሳ ከራሷ ምድጃ አመድ ዛቀችና በሦስቱ ቀፎዎች እግር ነሰነሰች።

በነጋታው አንዷ ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠራርታ፣ «እንዴ ዘርትሁን፣ ምን እየሠራሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ዘርትሁንም ነገረቻት። ለጠየቀ ሰው መልስ መስጠት ወንጀል መሆኑን ማንም አልነገራትም። እንዲህ እንዲህ እየተባለ በወሩ የሰፈፍ አምባ ቀፎ ሁሉ እግሩ አመድ ለበሰ።

ግራዝማች ይህን ያወቁት ዘርትሁን እፍኝ ሙሉ አመድ ይዛ ወደ ቀፎዋ ጎንበስ ስትል በአጥሩ ቀዳዳ አይተው ነው፤ ከሷ ወዲያ ያለውም ቀፎ ሁሉ እግሩ አመድ ነው።

«በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹባት።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን አያነሳም። ዘርትሁንም እንደ ጎነበሰች፣ አመዱ በጣቶቿ መሃል እየፈሰሰ፣ ደርቃ ቀረች። ግራዝማች ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ሮጠው እስኪመለሱ ድረስም ከዚያው አልተነቃነቀችም። ሌባ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ከሆነ እንግዲህ ሌባ ያብዛልን።

ጭቃ ሹሙም የበቅሎዋ ነገር አለና አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ዕቃ ጠፍቶ ሲጮህ አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው ተለይቶ ነገሩ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጡት የምታጠባም ብትሆን ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች። ጊዜው ደግሞ ኅዳር ነው፤ ጤፍ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል፤ ገና አልተከመረም። በዚያ ላይ ሰማዩ ያለ ወሩ በምሥራቅ በኩል ጠቁሯል። ሰዉ ከመንደሩ ዋርካ ሥር ተቀምጦ አንድ ዓይኑን ደመናው ላይ፣ አንድ ዓይኑን ግራዝማች ላይ ጥሎ ይንቆራጠጣል።

ጭቃ ሹሙ ተነስተው፣ «ያየህ የሰማህ ተናገር! የግራዝማችን ብልሃት መጀመሪያ የሰረቀው ማነው?» አሉ።

«ምን ዓይነት ብልሃት ነው?» አለ ከመሃል አንዱ።

«እሱ አይነገርም!» አሉ ግራዝማች ፈጥነው። «ከተነገረማ ሌላውም ሊሰርቀኝ ነው።»

«እንዴ! ምን እንደጠፋ ሳናውቅ ማን እንዳነሳው እንዴት እንወቅ?»

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። የምሥራቁ ደመና አንዴ አጉረመረመ። ይህን ጊዜ ዘርትሁን ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ፍም ልጭር ሄጄ አየሁ። ያየሁትን ቤቴ ሠራሁት፤ ለጠየቀኝም ነገርሁ። ስርቆት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ስርቆት ከሆነ ግን ሌባዋ እኔው ነኝ። ሰዉን ልቀቁት፤ ጤፉ ሊበሰብስበት ነው።»

እንዲህ ያለ ሌባ በሰፈፍ አምባ አውጫጭኝ ታይቶ አያውቅም፤ ሌላ ጊዜ ሌባ ለማውጣት ሦስት ቀን ይፈጃል።

ግራዝማች ግን ደስ አላቸው። «ሰማችሁ? በአንደበቷ አመነች! እንግዲህ ማሯ የተገኘው በኔ ብልሃት ነው። ስለዚህ ማሩም ቀፎውም የኔ ነው። ሦስቱንም ታስረክበኝ። የቀራችሁትን ደግሞ ነገ በየተራ አነጋግራችኋለሁ!»

ዘርትሁን «የልጄ ሠርግስ?» ልትል አፏን ከፈተችና ዋጠችው። እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞላ። ትሁኔ ከእናቷ ኋላ ተሸሽጋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ይህን ከአጎቴ ስሰማ ገና ከዚህ ላይ ነው ሆዴ የተቃጠለ፤ አሁንም ሳወራው ያቃጥለኛል።

ጭቃ ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ሕጉ የታወቀ ነው» አሉ ዘርትሁንን ላለማየት ወደ ዋርካው እያንጋጠጡ። «የሰረቀ ሰው ዕቃው በዓይነቱ ካለ ይመልሳል፤ በዓይነቱ ከሌለ በምትኩ ይከፍላል። ብልሃት ደግሞ በዓይነቱ የሚመለስ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ሦስቱን ቀፎ...»

«ጭቃ ሹም!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ቀፎ ሠሪው ቸኮል ነው። ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ ሲናገር የማይቸኩል፣ ሸንበቆ እየሰነጠቀ ቀፎ የሚሠራ፣ እጁ ዘወትር እበት የለቀለቀበት ሰው ነው። የዘርትሁንን ሦስት ቀፎዎች የሠራላትም እሱ ነው።

«ጭቃ ሹም፣ ፍርዱ አይጓደል። ‹በዓይነቱ ካለ ይመልስ› ብለዋል። ዕቃው በዓይነቱ አለ። አልጠፋ፣ አልተሸጠ፣ አልተበላ። ለምን አንመልስላቸውም?»

«ምኑን?»

«ብልሃቱን ነዋ። የወሰድን ሁሉ ተሰልፈን እንመልስ።»

ጭቃ ሹሙ ግራዝማችን አዩ፤ ግራዝማች ደግሞ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አልገባቸው፤ «መመለስ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ብቻ ፈገግ ብለው ነበርና፣ «ይመልሱ! ሁሉም ይመልሱ!» አሉ። ንፉግ ሰው መቀበል ይወዳል።

ቸኮል ዘርትሁንን ጠቀሳት። እሷም ግራዝማች ፊት ቆመች፣ እጅ ነሳች፣ እንዲህ አለች፦

«ግራዝማች፣ ‹በቀፎ እግር ዙሪያ አመድ ቢነሰንሱ ጉንዳን አይወጣም።› ይኸው መልሻለሁ።»

ከሷ ቀጥሎ ጎረቤቷ ቆመች፤ «አመድ ቢነሰንሱ ጉንዳን አይወጣም፤ ይኸው ግራዝማች፣ ተረከቡኝ።» ከዚያ ባሏ፣ ከዚያ የባሏ ወንድም፣ ከዚያ ሰልፉ እስከ መንደሩ ምንጭ ድረስ ረዘመ። እያንዳንዱ እጅ ይነሳል፣ ጮክ ብሎ ይመልሳል፣ ሄዶ ይቀመጣል። ጆሯቸው የከበደው እማማ ዝማምም በምርኩዛቸው ተደግፈው ተራቸውን ጠብቀው ደረሱ።

«እርስዎም ወስደው ነበር እማማ?» አላቸው ቸኮል።

«ኧረ እኔ ቀፎም የለኝ! አሁን ሰዉ ሲመልስ ነው የሰማሁት። በኋላ ሌባ እንዳልባል ሳይውል ሳያድር ልመልስ ብዬ ነው» አሉና የግራዝማችን ጆሮ ይዘው አገር እስኪሰማ ጮኹበት፤ «አመድ ነው አሉ ግራዝማች! አመድ!»

በዚሁ መሃል አንድ መንገደኛ የጨው ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ በዋርካው ሥር ሲያልፍ ቆመ። ሰዉ ተሰልፎ አንድ ቃል ሲደጋግም ሰምቶ ጸሎት መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። ጥቂት አዳመጠና ግንባሩን በእጁ መታ። «ለካ አመድ ኖሯል! እኔ በየዓመቱ ንቤን የምሸኘው ሞኝ!» ብሎ አህዮቹን ነዳ።

ግራዝማች ብድግ አሉ። «ያዙት! ይዞብኝ ሄደ! ያዙልኝ!»

ሁለት ጎረምሶች ሮጠው ደረሱበትና የአህዮቹን ጭነት ፈተሹ። «ግራዝማች፣ ጨው ብቻ ነው ያለው!» ብለው ከሩቅ ጮኹ። ነጋዴውም «ደህና ዋሉ» ብሎ ተራራውን ዞረ።

ይህን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። ጭቃ ሹሙ እንኳ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ግራዝማች ግን ፊታቸው በርበሬ መስሎ ጮኹ።

«ቀልድ ነው ይህ? ይህ መመለስ ነው? መለስን ይላሉ፣ ሁሉም ግን ብልሃቱን እንደያዘ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው! ከማንም ጭንቅላት አልወጣም!»

ቸኮል ዝግ ብሎ ጠየቃቸው።

«ግራዝማች፣ ብልሃቱ የተሰረቀብዎ ዕለት ከእርስዎ ጭንቅላት ወጥቶ ነበር?»

«ምን ሲደረግ! እኔ ዘንድማ መቼም አለ!»

«በሉ እንግዲህ፣ እንደተሰረቀው ነው የተመለሰው። ሲሰረቅ ከእርስዎ አልወጣ፤ ሲመለስም ከእኛ አልወጣ።»

ሰዉ እልል አለ። ጭቃ ሹሙም «ተመልሷል ማለት ነው» ብለው ሊቀመጡ ነበር። ግራዝማች ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ ሐቅ ሐቁን እንነጋገር ካላችሁ ደግሞ የተናገሩት ቁም ነገርም ነበረበት።

«ድካሜስ?» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሁለት ዓመት በብርድ ተንበርክኬ ጉንዳን የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ንብ ዓይኔን ነድፎኝ የሰነበትኩት እኔ ነኝ። እናንተ ተኝታችሁ ነበር። አሁን ሁሉም እኩል ማር ሊበላ? የኔ ድካም ዋጋ የለውም?»

ይህ እውነት ነው። ሰዉም ባዶ ቀፎ ታቅፎ የቆየ ነውና የድካምን ነገር ያውቀዋል።

ቸኮልም ራሱን ነቀነቀ። «ድካሙ የእርስዎ ነው ግራዝማች፤ ማንም አይወስድብዎ። ሁለት ዓመት እኛ ባዷችንን ስንቀር እርስዎ ብቻዎን ማር ቆርጠዋል፤ እሱም ለድካምዎ አያንስም። ቀፎዎቿን ከጠየቁ ግን አንድ ነገር ይቀራል። በአገራችን ሕግ የሰው ዕቃ በእጁ የተገኘበት ሰው ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል። እትዬ ዘርትሁን ተጠይቃ ‹ከግራዝማች ግቢ› አለች። ዕቃው ከእርስዎም ዘንድ ተገኝቷል፤ እርስዎስ ከየት አመጡት?»

«ከየትም አላመጣሁት! ከገዛ ጭንቅላቴ ነው!»

«አመዱ ጭንቅላትዎ ላይ ነበር?»

«አንተ እበታም! አጥሬ ሥር ነበር እንጂ!» ግራዝማች ደረታቸውን ነፉ፤ ዕውቀታቸውን መተረክ ሲጀምሩ ማቆም አይችሉም። «የዛሬ ሁለት ዓመት ከሃያው ቀፎዬ አሥራ ስምንቱ በጉንዳን ሲወረሩ አጥር ሥር ያሉት ሁለቱ ብቻ ዳኑ። ማንም ቢሆን ‹ዕድል ነው› ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን አጎነበስሁ፣ መረመርሁ። ለካ በእግራቸው ዙሪያ አመድ ተደፍቶ ኖሯል! ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንን ቁልል እየዛቅሁ...»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ሰዉ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። የግራዝማች ምድጃ አመድ እንደማያወጣ የማያውቅ የለም። ጭቃ ሹሙም ቀስ ብለው ወደ ግራዝማች ዞሩ።

«አጥር ሥር የተደፋ አመድ አሉ? የዛሬ ሁለት ዓመት?»

ግራዝማች አፋቸውን ገጠሙ። ግን ዘግይተዋል።

«እኔ ዘንድ አይደል እንዴ የከሰሷት!» አሉ ጭቃ ሹሙ። «‹ዘርትሁን አመዷን አጥሬ ሥር እየደፋች ንቤን አቧራ አለበሰችብኝ› ብለው! ሁለተኛ እንዳትደፋ አስፈርመን ካሳም አስከፍለናት ነበር።»

«ዶሮ!» አሉ እማማ ዝማም፤ ይህን ጊዜ ጆሯቸው እንዴት እንደሰማ እንጃ። «ቄብ ዶሮ ነው የከፈለችው! አስታውሳታለሁ፣ ገብስማ ነበረች!»

ቸኮል ጎንበስ ብሎ ለግራዝማች እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ያኔ ‹አመዷን አመጣችብኝ› ብለው ከሰሷት፤ ዶሮዋን ሰጠች። ዛሬ ‹አመዴን ወሰደችብኝ› ብለው ከሰሷት፤ ቀፎዋን ልትሰጥ ነው። እንግዲህ ይህች ሴት አመዷን ወዴት ታድርሰው?»

የዚያን ቀን ሳቅ ከምንጩም አልፎ ተሰማ ይላሉ። ዘርትሁን እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ትሁኔም ነጠላዋን ከፊቷ ጣለች። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ነገሩን ሊያከርረው ፈልጎ፣ «እንግዲህማ ብልሃቱ የዘርትሁን ነው! ግራዝማች የሁለት ዓመት ማር ይክፈሏት!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም «ይክፈሏት!» አሉ።

ዘርትሁን እጇን አነሳች። «ተዉ፣ ተዉ። እኔ የደፋሁት ስለማልፈልገው ነው። ጉንዳኑን አጎንብሰው ያዩት ግራዝማች ናቸው። እኔ ደግሞ እሳቸውን አየሁ፤ እናንተም እኔን አያችሁ። ማን ከማን ሊከፈል ነው? ቀፎዬን ብቻ ተዉልኝ፤ ልጄን ልዳርበት።»

አንድ ጠብታ ዝናብ በጭቃ ሹሙ አፍንጫ ላይ አረፈች። ጭቃ ሹም አንለይ በዕድሜያቸው እንደዚያ ፈጥነው ፈርደው አያውቁም። «ቀፎው የዘርትሁን! ብልሃቱ ተመልሷል! ዶሮዋ ግን በዓይነቷ ስለሌለች በምትኳ ሌላ ቄብ ትከፈል! ተነሱ፣ ጤፋችሁን ክመሩ!» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው እሳቸው ቀድመው ሮጡ። ጤፉም ዝናቡ ሳይደርስበት ተከመረ። ጭቃ ሹሙ ከዚያ ወዲህ ወደ ወረዳ የሚሄዱት በእግራቸው ነው፤ እንዲያውም እግራቸው በረታ ይላሉ።

እኔ ይህን ጨዋታ የሰማሁት ከአጎቴ ነው፤ አጎቴ ከአማቱ ሰማው። እስከ ዛሬ ሁለቱም ‹ወሰድክብን› ብለው አልከሰሱኝም፤ አጎቴ እንዲያውም አሁንም ከኔ አሳምሮ ያወራዋል።

ጥር ሲደርስ ትሁኔ ተዳረች። ጠጁ ከዘርትሁን ሦስት ቀፎ ወጣ፣ ቸኮል ተጋባዥ ሆኖ ከሽማግሌዎች ጎን ተቀመጠ። ግራዝማችም መጡ። ቅሬታ ይዟቸው በሩ ላይ ጥቂት አንገራገሩ፤ ጠጁ ሲሸታቸው ግን ገቡ። ብርሌያቸውን ስምንት ጊዜ አስቀድተው፣ «ይህ ጠጅ እኔ ባልኖር አይጠጣም ነበር» ብለው ለአጠገባቸው ሰው ነገሩ። ሰውየውም «እውነትዎን ነው» አላቸው፤ ነገሩ ከእውነት ባይርቅም፣ የሠርግ ቀን ነገር አይፈለግም ብሎ ነው።

ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጠዋት ላይ፣ ዘርትሁን ግቢዋን ስትጠርግ ከአጥሩ ወዲያ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች። ቀና ስትል ግራዝማች ናቸው፤ ያን አሮጌ ቅርጫት ከጋቢያቸው ሥር ሸጉጠዋል።

«ዘርትሁን እኅቴ፣ እንደምን አደርሽ?» አሉ። እኅቴ ብለዋት አያውቁም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ደህና... ደህና። ያ ከአጥር ሥር የነበረው ቁልል እኮ አለቀ። ጉንዳኑ ደግሞ ዛሬ ሲንቀሳቀስ አየሁት። የኔ ቤት ምድጃ እንደምታውቂው ነው... ትንሽ አመድ ብትሰጪኝ ብዬ ነበር።»

ዘርትሁን ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና በሩን ከፈተችላቸው፤ ወደ አመድ ጉድጓዷም መራቻቸው። ግራዝማች ጋቢያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና በሁለት እጃቸው እየዛቁ ቅርጫቱን ሞሉት፤ ከሞላም በኋላ በክርናቸው ጠቅጠቅ አድርገው ጨመሩበት። ዘርትሁን መጥረጊያዋን ተደግፋ ጥቂት አየቻቸውና እንዲህ አለቻቸው፦

«ግራዝማች፣ ብልሃቱን አገር ሁሉ ወስዶት አላለቀም፤ አመዱ ግን ያልቃልና በልክ ይዝገኑ።»